የአባቷ ባትሪ

ልጅቱ እንጀራዋ ከሩቅ ማየት ነው። በየተራራው የቆሙት የስልክ ማማዎች መብራት ሲጠፋባቸው በመጠባበቂያ ባትሪ ይሠራሉ፤ እሷ ባትሪዎቹ ላይ መቆጣጠሪያ ገጥማ ከኔትወርክ ታገናኛቸዋለች። ከዚያ በኋላ የትኛው እንደደከመ ለማወቅ ተራራ መቧጠጥ የለም፤ ስልክን መክፈት ብቻ ነው።

አባቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። የሳንባ ሕመሙ አላስቀምጥ አላስተኛ ብሏቸው ያለ ኦክስጅን ማሽን መዋል ሲያቅታቸው፣ “ለማማ ያደረግኩትን ላባቴ ልነፍግ ነው እንዴ?” አለችና ያንኑ ቤታቸው ገጠመችላቸው።

“አባዬ፣ መብራት ሲጠፋ ማሽኑ በዚህ ባትሪ ይሠራል። ባትሪው ከግማሽ ከወረደ የኔ ስልክ ይጮሃል። የትም ብሆን ጥዬ እመጣለሁ።”

“ማማ ላይ ብትሆኚም?”

“ማማ ላይ ብሆንም።”

“በስተርጅና ሰላይ ተተከለብኝ በይኛ!” ብለው ሳቁ። ሳቁ ወዲያው ሳል ሆነ።

በመጀመሪያው ሰሞን ስልኳ አንድ ጊዜ ጮኸ። ከማማ ወርዳ፣ በዝናብ፣ የጭነት መኪና ለምና መጣች። ስትደርስ መብራቱ ተመልሷል፤ አባቷም ሬዲዮ እየሰሙ ነው። በር ላይ ጭቃ በጭቃ ሆና እንደቆመች፣ አለቃዋ በስልክ ስድቡን ሲያወርድባት አባቷ ሰሙ። ጫማዋን ሊያወልቁላት ጎንበስ ሲሉ ትንፋሽ አጠራቸው።

ከዚያ ወዲህ ስልኳ ጮሆ አያውቅም። መብራት እንደ ልቡ ይጠፋል፣ ባትሪው ግን ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ስልኳ ላይ አረንጓዴውን ባየች ቁጥር ልቧ ቅቤ ይጠጣል። “ባትሪ ማለት የኔ አባት ባትሪ!” እያለች ባልደረቦቿ ላይ ጉራዋን ትነዛ ነበር። ምስኪን! ሥራ ያልሠራ ባትሪ እንደማይወርድ ከሷ በላይ ማን ያውቃል? ግን ሰው ደስ ያሰኘውን ነገር አይመረምርም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የደወሉላት ጎረቤታቸው ናቸው። ስትደርስ መብራት የለም፤ አባቷ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አልፈዋል። ማሽኑ ጠፍቷል። ባትሪው ሙሉ ነው። እያለቀሰች ገመዱን ፈተሸች፣ ማብሪያውን ፈተሸች፤ ሁሉም ደህና ነው።

“ተበላሽቶ አይደለም፣ ልጄ” አሉ ጎረቤቲቱ እንባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ። “መብራት በሄደ ቁጥር ራሳቸው ያጠፉት ነበር። ‘ጋሼ፣ ኧረ ይብራ’ ስላቸው፣ ‘ተይው፣ ትንሽ ልቻለው። ያቺን ልጅ ከሥራዋ እንዳልጠራት’ ይሉኛል። ላንቺ እንዳልነግርሽ አስምለውኛል።”

ከቀብሩ በኋላ ቤቱ ጭር ሲል መብራት እንደገና ጠፋ። ተነስታ ማሽኑን አበራችው። ቱቦውን በአባቷ ወንበር ላይ አስቀመጠችና እግሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ማሽኑ ለባዶው ወንበር እያንጎራጎረ አየር ይሰጣል፤ ባትሪው ቀስ እያለ ይወርዳል። ሊመሽ ሲል ስልኳ ጮኸ።

“መጣሁ፣ አባዬ” አለች። ከተቀመጠችበት ግን አልተነሳችም።