መስታወቱ በየትኛው ግድግዳ ይሰቀል?

"ወደ ቀኝ! ቀኝ አልኩህ እኮ!"

"የማንን ቀኝ ነው ጋሼ? እኔ የኋሊት ነው የምሄደው።"

የሚያዘው መስታወት ቆራጩ ነው። ሁለቱ ሰዎች ቁመቱ ሁለት ሜትር ከሃያ የሆነ መስታወት በጠርዙ አቁመው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ይዘው፣ መንገዱ መሐል ቆመዋል። በአንድ በኩል ታክሲ ጥሩንባውን ይነፋል። በሌላው በኩል አንዲት መንገደኛ ቆማ በመስታወቱ ሻሿን ታስተካክላለች።

የተሸከመው ሌላ ዕቃ ቢሆን ኖሮ፣ መስታወት ቆራጩ መንገድ ላይ ጥሎት የልጁን ኮሌታ ይይዝ ነበር። ልጁ የሚለው አብሮት የተሸከመውን፣ ከሱቁ ማዶ ባለው ፀጉር ቤት ከተቀጠረ ሁለት ወር የሆነውን ፀጉር አስተካካይ ነው። በዕድሜ የሚበልጠው በአምስት ዓመት ቢሆን ነው፤ "ጋሼ" ሲለው ይበልጥ ያናድደዋል። ልጁ ጥርሱ አይከደንም። በዚያው ፀጉር ቤት የመስታወት ቆራጩ ሚስት የሴቶች ፀጉር ትሠራለች፤ እናም ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ይስቃሉ። ሳቃቸው መንገዱን ተሻግሮ ይሰማል፤ ቀልዱ ግን አይሰማም። ሰውን የሚያንገበግበውም ይኸው ነው።

ጠዋት ሚስቱ ጫማዋን እያጠለቀች ቁርጡን ነግራዋለች።

"አምና ደንበኛ ሰድበህ ከሥራዬ አስወጣኸኝ፤ ዝም አልኩ። ዛሬ መስታወቱን ስትሰቅል ከዚያ ልጅ ጋር ጠብ ብታነሣ ግን፣ የምተወው ሥራዬን አይደለም።"

ምን እንደምትተው አልተናገረችም። መናገርም አላስፈለጋትም፤ ሻንጣዋ ከቁም ሣጥኑ አናት ወርዶ አልጋው ሥር ተቀምጦ ነበር።

ስለዚህ ላይናገር ለራሱ ምሏል። ማየት ግን አልተከለከለም። ሦስት ቀን ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ አንድ ዘዴ አግኝቷል። መስታወቱ በፀጉር ቤቱ የቀኝ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ፣ እሱ ሱቁ ውስጥ ሆኖ ከመቁረጫ ጠረጴዛው ቀና ባለ ቁጥር፣ በተከፈተው በር በኩል የሚስቱን ወንበር ቁልጭ አድርጎ ያሳየዋል። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ደግሞ "ባለሙያው አንተ ነህ፤ ደስ ባለህ ግድግዳ ስቀለው" ብላዋለች። ከዚህ በላይ ምን ዕድል አለ?

ከጎናቸው ጡረታ የወጡ የሥነ ሕይወት መምህር ይራመዳሉ። የመጡት ለመጽሐፍ መደርደሪያቸው መስታወት ሊያስቆርጡ ነበር። ከማዶ ሳቅ ሲሰማ መስታወት ቆራጩ ቀና ብሎ መስታወታቸውን ሲሰብረው አዩና፣ ከመቆጣት ይልቅ ማስተማር ጀመሩ። ትምህርቱ ስላላለቀ አብረው ተሻገሩ።

"እና እንደነገርኩህ" አሉ መምህሩ፣ ታክሲውን በእጃቸው እያስቆሙ፣ "ሰው በአደን በሚኖርበት ዘመን፣ እናት ልጇ የእሷ መሆኑን ታውቃለች። አባት ግን በምን ያረጋግጣል? ስለዚህ ሚስቱን የጠበቀ፣ ድንጋይ አንሥቶ ሌላውን ወንድ ያባረረ ዘሩ ቀጠለ። ግድ ያልነበረው የሌላ ሰው ልጅ ሲያሳድግ ኖሮ የራሱ ዘር ተቋረጠ። እንዲህ የሚሉ ምሁራን አሉ። እንግዲህ በእነሱ አባባል እኛ ሁላችንም የቀናተኞች የልጅ ልጆች ነን።"

"ታዲያ ዘመዳሞች ነና!" አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ ሳቁም መስታወቱን አርገበገበው።

"አትሳቅ! ይሰበራል!"

መስታወት ቆራጩ ቢጮህም ልቡ ሞቅ ብሎታል። ስንት ዓመት የተሰደበበት ቅናት ለካስ የቅድመ አያት ውርስ ኖሯል! ማን ውርሱን ይጥላል?

ሚስቱ ማበጠሪያዋን ይዛ በሩ ላይ ጠበቀቻቸው። መስታወቱን ከማየቷ በፊት የባሏን ፊት አየች።

"መምህርን ጠይቂ" አላት፣ ገና እንደ ገባ። "የእኔ ቅናት በሳይንስ የተረጋገጠ ነው።"

"እሰይ! ማኅተምስ አለው?"

"ከጥንት የመጣ ነው። የጥንት ወንዶች ሚስቶቻቸውን..."

"ቆይ፣ ቆይ። መምህር፣ የጥንት ሴቶችስ? ተቀምጠው ሲጠበቁ ነው የኖሩት?"

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሴቶቹማ ይመርጡ ነበር ይባላል። ሥጋ ይዞ የሚገባውን፣ ልጅ የሚያዝለውን። ድንጋዩን ወደ ቤት የሚያዞርባቸውን ደግሞ ጥለውት ወደ ወንድሞቻቸው ይሄዱ ነበር።"

"ሰማህ? እኔ ደግሞ የእነሱ የልጅ ልጅ ነኝ።"

መስታወት ቆራጩ ወደ መምህሩ ዞረ። "ይህንን አልነገሩኝም።"

"አልደረስንበትማ! ደግሞም ነገሩ ገና ክርክር አለበት። እውነት ቢሆንስ? ምክንያት ፈቃድ አይደለም፣ ልጄ። እግር የተሠራው ለመሮጥ ነው ብንል እንኳ፣ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ የሚውል ሰው አይተሃል?"

ይህን ያልተማረውን ክፍል ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነና ወደ ሥራው ገባ። መሰላሉን ዘረጋ። በቀኙ ግድግዳ ላይ ለካ፣ ውሃ ልኩን አስቀመጠ፣ ለአራቱ ቀዳዳዎች በእርሳስ ምልክት አደረገ። ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱን በሁለት እጁ አቅፎ ደግፎታል። በዚህ መሐል ሚስቱ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር አለች፤ ፀጉር አስተካካዩም በሳቅ ፈረሰ።

መስታወት ቆራጩ መሰርሰሪያውን እንደያዘ ከመሰላሉ ላይ ዞረ።

"ምንድን ነው የሚያስቀው?"

ድምፁ ወፍሯል። ማበጠሪያው የሚስቱ እጅ ላይ ቀጥ አለ።

በዚያች ቅጽበት የፀጉር አስተካካዩ ስልክ ጮኸ። ሰዓቱ ልክ አራት ነበር። የልጁ ሳቅ ከፊቱ ላይ ተጠርጎ ጠፋ።

"ጋሼ፣ በእናትዎ፣ ከኪሴ ያውጡልኝ! ሚስቴ ናት። በየሰዓቱ ነው የምትደውለው። ሦስቴ ጠርቶ ካላነሣሁ አለቀልኝ!"

እጆቹ መስታወቱ ላይ ናቸው፤ ሊለቅ አይችልም። መስታወት ቆራጩ ወርዶ ስልኩን አወጣና ነካው። የአንዲት ሴት ፊት ስልኩ ላይ ድንገት ብቅ አለ።

"አንተ ደግሞ ማነህ? ባሌስ?"

"መስታወት ይዟል።"

"መስታወት? እስቲ አዙርና አሳየኝ።"

አዞረላት።

"ያቺ ሴት ማናት?"

"የእኔ ሚስት ናት።"

"ቀኑን ሙሉ የምታስቀው እሷ ናት? ሳቃቸው እኮ በስልክ ይሰማኛል። የሚያስቃቸውን ግን አንድ ቀን አልነገረኝም!"

መስታወት ቆራጩ ስልኩን ወደ ራሱ መለሰና ፊቷን አየ። ቃሉ ሳይቀር የራሱ ነበር፤ ብቻ በሴት ድምፅ መጣ።

"ይህ ሦስተኛ ሥራዬ ነው" አለ ፀጉር አስተካካዩ ከመስታወቱ ጀርባ፣ ለመሬቱ የሚናገር ይመስል። "ሁለቱን በዚህ ነገር ነው የለቀቅኩት።" ጥርሱ ሲከደን ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ያለ ጥርሱ ልጅ አይመስልም፤ የደከመው ባለትዳር ነው።

"ወንድሜ" አለች ሴትዮዋ፣ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ፣ "ሱቅህ ማዶ ነው አይደል? ነግሮኛል። አንተም እንደ እኔ የሚያብከነክንህ ከሆነ እንረዳዳ። አንተ ቀን ቀን እያየህ ትነግረኛለህ፤ እኔ ማታ ኪሱን ፈትሼ እነግርሃለሁ። ከሱቅህ ሆነህ ውስጡ ይታይሃል?"

የመስታወት ቆራጩ ሚስት አልተቆጣችም፣ አልለመነችውም፤ ብቻ ታየዋለች። መስታወት ቆራጩ በእርሳስ ያደረጋቸውን አራት ምልክቶች አየ። ረዳት ሰላይ እስከ ደጁ መጥታለታለች። ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ያለ ጠባቂ ያገኘ ወንድ ይኖር ይሆን?

"እህቴ" አለ በመጨረሻ፣ "ከእኔ ሱቅ ሆኖ የዚህ ቤት ውስጥ አይታይም።"

"ምንም?"

"ምንም። ባልሽ ሥራ ላይ ነው። ደህና ዋይ።"

ስልኩን ዘግቶ የልጁ ኪስ ውስጥ መለሰው። ከዚያ ወደ ቀኙ ግድግዳ ሄዶ በአውራ ጣቱ ምልክቶቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው።

"ምን ሆንክ?" አለች ሚስቱ። "እዚህ ጋ ብርሃኑ ጥሩ ነው ስትል አልነበር?"

"ግራው ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው።"

"እዚያ ከሆነ እኮ ከመንገድ አይታይም።"

"ለሴትዮዋ አይታይም አልኳት አይደል? ታዲያ ውሸታም ልሁን?"

ሚስቱ መሰላሉን ራሷ አንሥታ ወደ ግራው ግድግዳ ወሰደችለት። እሱም ወጣ፣ ለካ፣ አዲስ ምልክት አደረገ። ከጀርባው መምህሩ ስለ ዝንጀሮዎች አንድ ነገር ጀመሩ። ፀጉር አስተካካዩ በሹክሹክታ መለሰ፣ ሚስቱም ከት ብላ ሳቀች።

መስታወት ቆራጩ አንገቱን እስከ ግማሽ ድረስ አዞረ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ተመለሰና መሰርሰሪያውን አስነሣ።