ዘንዶው ሽሮ የሚበላበት መጽሐፍ

ልጄ ሪሃና አዋላጅ ነርስ ሆና መካነ ብርሃን ስትመደብ አራት መጻሕፍት ትታልኝ አምስተኛውን ይዛ ሄደች። የአንድ ታሪክ ተከታታይ ክፍሎች ናቸው። ስንዱ የምትባል ሴት የውሃ ወፍጮ አላት፤ ከወፍጮው ሥር ዘንዶ ይኖራል፤ በበጋ ውሃው ሲያንስ ድንጋዩን በጅራቱ ያዞርላታል። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ማንን ይበላል?» ብዬ ጠይቄያት ነበር።

«ሽሮ ነው የሚበላ፣ እማዬ! እሱም በርበሬ ካልበዛበት።»

አልወደድኩትም። ዘንዶ ያለበት ቤት እንዴት በሰላም ያድራል? በየምዕራፉ መጨረሻ ሬሳ እጠብቃለሁ፤ የሚመጣው ግን እንግዳ ነው፤ ገንፎ ይበላል፣ ይስቃል፣ ይሄዳል። ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ፍየል ጠፋች። «አሁን ጉድ ሊፈላ ነው» ስል ዘንዶው ክንፍ ሥር ተኝታ ተገኘች። ይህን የጻፈ ሰው ልጅ ወልዶ አያውቅም አልኩ።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ስልኩም ጠፋ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ ሦስት። ባለቤቴ ኡዘይር ወደ ሱቁ ሲሄድ እኔ ደውዬ ደውዬ ሲሰለቸኝ አራቱን መጻሕፍት ደግሜ አነባለሁ። ሰው የማይሞትበት ሌላ ቦታ አላውቅማ። የናቅሁትን መጽሐፍ እንደ ዱዓ ያዝኩት።

በሃያ ስድስተኛው ቀን፣ ኡዘይር ለሱብሒ ሶላት መስጊድ እንደ ሄደ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ለተ ማርያምና ባሏ ወንዴ ቆመዋል፤ በመካከላቸው አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። እኛ ዘንድ ሰው ሰብሰብ ብሎ በጎሕ ከመጣ መርዶ ነው። ሽማግሌው ከጋቢያቸው ሥር መጽሐፍ አወጡ። አምስተኛው ነው፤ ከመሃሉ ተቀዷል።

ዕቃዋን አመጡልኝ አልኩ። ከዚያ በኋላ የጮህኩትን አላስታውስም፤ ራሴን ያገኘሁት መሬት ላይ ነው። የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ደርሰዋል።

«ምነው እቴ! ምነው!» ይላሉ ሽማግሌው። «ልጅሽ ሸጋ ናት! ምራቴን ያዋለደች እሷ!»

«ታዲያ በዚህ ሰዓት ምን አመጣዎት?»

«ማክሰኝት ገበያ ልደርስ ብዬ ነዋ! ቤቱ ቢጠፋኝ እነዚህን ጠየቅሁ።»

«አንቺ ደግሞ፣ ሰውየውን ሳታስገቢ ልጅቷን ቀበርሻት!» ብላ ለተ ማርያም እያለቀሰች ሳቀች።

አያ ቢያዝን ይባላሉ። ከመካነ ብርሃን በእግራቸው የወጡት ከዘጠኝ ቀን በፊት ነው። ዘጠኝ ቀን! ልጄ ሸጋ የነበረችው ያኔ ነው። ዛሬስ?

ሽፋኑ ውስጥ በእጇ ጽፋለች፦ «እማዬ፣ ያነበብኩትን ቀድጄ ልኬልሻለሁ። የቀረውን ራሴ ይዤ እመጣለሁ። አትፍሪ፣ ማንም አይሞትም።»

እስከ ቀትር ጨረስኩት። በመጨረሻው ገጽ ስንዱ ከተራራው ወዲያ ላለ መንደር ዱቄት ልታደርስ ትወጣለች። ዘንዶው በሩን ከፍቶ ይጠብቃታል። «መሸ። ስንዱም» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ቅዳጁ ነው።

ኡዘይር ለምሳ ሲመጣ አሳየሁት። «ስንዱም ምን?» አልኩት።

«ተመለሰች ነዋ! በዚህ መጽሐፍ ማን ቀርቶ ያውቃል?»

ምሳውን ግን ሳይጨርስ ተነሳ። ወደ ሱቁ ሲሄድም ሁልጊዜ ዝጉ እያለ የሚቆጣበትን የግቢ በር ወለል አድርጎ ከፍቶት ወጣ። እኔም አልዘጋሁትም።