ተከታዩ ጥያቄ

የተማሪዬ ወንድም ፋንታሁን የተደበቀበት ቦታ እንዲታወቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሙሉቀን አይደለም፤ ሙሉቀን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው፣ ክፍል ውስጥ የሰማውን ቤቱ ሄዶ አወራ። የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

ጎንደር ከተማ ውስጥ ስምንተኛ ክፍል የኅብረተሰብ ትምህርት አስተምራለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ክፍል ውስጥ ውይይት አንድ ሙሉ ሴሚስተር ተምሬያለሁ። ተማሪው ከራሱ አካባቢ ምሳሌ ያምጣ፣ ዝም ያለው ይናገር፣ መምህሩም መልሱን በተከታይ ጥያቄ ይግፋበት ይላል። ጥሩ ትምህርት ነበር። እኔ ግን ዝም ለሚል ልጅ ትዕግሥት የለኝም። ስለዚህ ለተናገረ ሁሉ አምስት ማርክ እሰጥ ነበር።

የዚያን ቀን ርእስ «ለጠብ ፍርድ ቤት ይሻላል ወይስ ሽምግልና?» የሚል ነበር። ክፍሉ ሞቀ። አንዷ ፍርድ ቤት ከቀጠሮ በቀር የሚሰጠው የለም አለች፤ ከኋላ አንዱ ደግሞ ሽማግሌም ጠላው ካላለቀ አይፈርድም ብሎ አሳቃቸው። ይርገዱ ብቻ ዝም አለች። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያው ነበረች። ከትክል ድንጋይ ገጠር መጥታ ከታላቅ ወንድሟ ጋር በኪራይ ቤት እንደምትኖር አውቃለሁ። ሌላ የማውቀው አልነበረም።

ስሟን ጠርቼ አስነሣኋት። «ያልተናገረ ማርኩን ይርሳው» አልኳት፣ ሁሉም እየሰማ።

ቀስ እያለች ተናገረች፤ ከጠበቅሁት በላይ አሳምራ። ፍርድ ቤት አስሮ ይፈታል እንጂ ደም አያደርቅም አለች። ወንድሟ ፋንታሁን በጠብ መሀል ሰው ገድሎ ተፈርዶበት ነበር፤ እስሩን ጨርሶ ወጣ። አባቷ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላኩ፤ የሟች ወገን ሦስቱንም ጊዜ እምቢ አለ። እርቅ ካልወረደ ገበያ መውጣት የለም፣ እርሻ መዋል የለም። ወንድሟ አገሩን ለቆ ወጣ።

አብሯት የሚኖረው ወንድሟ እሱ ራሱ መሆኑን ያን ጊዜ ልብ አላልኩም። በሦስት ዓመት የማስተማር ሥራዬ እንዲህ ያለ ምሳሌ አግኝቼ አላውቅም። ደስ አለኝ፤ ይህን አልደብቅም።

«አሁንስ የት ነው ያለው? ምን ይሠራል?» አልኳት።

መሬት መሬቱን አየች። መምህር ከጠየቀ ይመለስለታል ተብላ ያደገች ልጅ ናት።

«አዘዞ ነው። ብሎኬት ይሠራል።»

አምስት ከአምስት ሰጠኋት።

ቅዳሜ ሙሉቀን ስንቅ ሊያመጣ ወደ ቤተሰቡ ሄደ። እነሱም የትክል ድንጋይ ሰዎች ናቸው። ለእናቱ ክፍል ውስጥ የሰማውን እንደ ጉድ አወራላት፤ እሷ ደግሞ ገበያ ላይ ለጎረቤቷ። ረቡዕ ከሟች ወገን ሁለት ሰዎች አዘዞ ብሎኬቱ የሚመረትበት ግቢ ገብተው ፋንታሁንን በስሙ ጠየቁ። እሱ ምሳ ሊበላ ወጥቶ ነበር። አብረውት የሚሠሩት ደወሉለት። ልብሱን እንኳ ሳይወስድ ከከተማው ጠፋ።

ይህን የሰማሁት በሳምንቱ ሰኞ ነው፤ የይርገዱ አባት አያ ሰጠኝ መልቀቂያዋን ሊወስዱ መጥተው፣ ርእሰ መምህሩ አቶ አድማሴ ቢሮ ሲያስጠሩኝ። ወንድሟ ከሌለ ሴት ልጅ ብቻዋን ከተማ ትቼ አልሄድም አሉ አያ ሰጠኝ። ክልላዊ ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ምዝገባው አልፏል፤ ሌላ ቦታ ልትፈተን አትችልም። ዓመቱ ባክኖ ቀረ ማለት ነው።

አቶ አድማሴ አጽናኗቸው። የዛሬ ልጅ ምስጢር አይቋጥርም፣ ሙሉቀንን ወላጅ አስጠርቼ እቀጣዋለሁ አሉ። አያ ሰጠኝ ልጅ ልጅ ነው ብለው ተዉት። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ይርገዱ እኔን አላነሣችኝም። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ለአንድ አፍታም ዝም አልኩ።

«ሙሉቀን አይቀጣ» አልኩ በኋላ። «ወንድሟ የት እንዳለ የጠየቅኋት እኔ ነኝ። እምቢ ማለት እንዳትችል አድርጌ ነው የጠየቅኋት።»

አቶ አድማሴ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። አያ ሰጠኝ ዞር ብለው አዩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

«ምነው እቴ» አሉ፣ «ማወቁ ላንች ምን ያደርግልሽ ነበር?»

ለውይይቱ ነው ልል ነበር። በዚያ ፈንታ ይርገዱ እስክትፈተን እኔ ቤት ትቀመጥ፣ ጠዋትና ማታ ይዣት እመላለሳለሁ አልኩ። ቶሎ ቶሎ ነበር የምናገረው፤ የሆነ ነገር ቶሎ ከላዬ ላይ እንዲወርድልኝ።

ሰውየው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ሸጋ አስበሻል» አሉ። «ግን እነዚያ ሰዎች ሲጠይቋት የምትመልስ ልጅ መሆኗን አውቀዋል።»

መልቀቂያውን አጣጥፈው ኮታቸው ውስጥ ከተቱ። ለአቶ አድማሴ እጅ ነሡ። ወጡና በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።