በቁም የማይወረስ ወንበር

«ዘንድሮስ ጋሼ ደክሟቸዋል፣ አይወዳደሩም» ይላል ፀጉር አስተካካዩ፣ ምርጫ በደረሰ ቁጥር። ጋሼ ለዓመታት የያዙትን የክልል ምክር ቤት ወንበር ዕድሜ ልኩን የተመኘው ልብስ ሰፊው አባቴም፣ «ሰው በቁሙ ይወረሳል እንዴ? መጀመሪያ በክብር ይሰናበቱን» ብሎ ይጠብቃል። ጋሼ ግን ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ከተፍ ይሉና ያለ ተፎካካሪ ያልፋሉ።

«አባዬ፣ አንተ ክብሩን ስትሰጣቸው እሳቸው ወንበሩን ይወስዳሉ» አልኩት። አልሰማኝም፤ እሱም እዚያው መርፌው ላይ ሸበተ።

ዘንድሮ እኔ ራሴ ተመዘገብኩና ጋሼን ዘረርኳቸው።

በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ አባቴን እየላጨ ሳቀ፦ «ጋሼ እኮ ሁልጊዜ "ጋሼ ደክሞታል ብለህ ለልብስ ሰፊው ሹክ በልልኝ፤ የምፈራው እሱን ብቻ ነው" ይሉኝ ነበር።»