ስንት ይዘሽ ትገቢያለሽ?

ኦፓል ብሬደን ሐሙስ በመጣ ቁጥር ሁለት መቶ ዶላር ይዛ ነበር የምትገባው። አንድ ዶላር አትጨምርም፣ አትቀንስም። በሉፔ ጎማ ቤት ጓሮ ከምሳ በኋላ በሚጀመረው የፖከር ጨዋታ ሌሎቹ ሺውንና ሁለት ሺውን በመጫወቻ ጠጠር መንዝረው ፊታቸው ሲቆልሉ፣ የሷ ቁልል ከስኒ ቁመት አያልፍም። ጨዋታው ገደብ የለሽ ነው። ሰው ደስ ባለው ሰዓት ፊቱ ያለውን ሁሉ ገፍቶ መሀል መጣል ይችላል፤ ፊቱ ካለው በላይ ግን ማንም ምንም አይጠይቀውም። ስለዚህ ኦፓልን ማስፈራራት የሚቻለው በሁለት መቶ ዶላር ብቻ ነበር።

ይሄ ነገር ዌንደል ኩቤናን ያንገበግበዋል። ዌንደል የጥጥ መዳመጫ ባለቤት ነው፤ ሆዱም ድምፁም ቁልሉም ከሁሉ ይበልጣል። የመዳመጫው ጩኸት የግራ ጆሮውን ድሮ ስለደፈነው፣ ሌላውም ሰው እንደሱ የማይሰማ ይመስል እየጮኸ ነው የሚያወራው።

«ሴትዮ፣ ፖከር ልትጫወቺ ነው ወይስ ቲማቲም ልትገዢ?» ይላታል።

«ቲማቲምማ ተወዷል፤ በሁለት መቶ የሚገኘው አንተ ብቻ ነህ» ትለዋለች።

ሁሉም ይስቃል፤ እሷም ትስቃለች። ኦፓል ሐሙስን የምትናፍቀው ለዚህ ሳቅ ነበር። ባሏ ሮይስ ከሞተ ወዲህ ቤቷ ውስጥ ድምፅ የሚያሰማው ማቀዝቀዣው ብቻ ነው። ሐሙስ ግን የሚሰድባት ሰው አለ፤ መልሳ ትሰድበዋለች፣ የሉፔ ሚስት የላከችውን ታማሌ፣ በበቆሎ ሊጥ የተጠቀለለ ትኩስ ሥጋ፣ ትበላለች፣ ወደ ቤቷም ጠግባ ትመለሳለች።

ሮይስ የተቀበረ ሰሞን ሰዎቹ አንድ ደግ ነገር አድርገውላት ነበር። ወንበሩን ማንም ሳይነካው ለሷ አቆዩላት። ከዌንደል በስተቀኝ ያለው ነው። ክብር ነበርና እንባዋን ጠርጋ ተቀመጠችበት፤ ነገር ግን ለገንዘብ ከዚያ የከፋ ወንበር በቴክሳስ አይገኝም። ተራው የሚዞረው በግራ በኩል ነው። በሮይስ ወንበር የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ ይናገራል፤ ዌንደል ሰምቶ፣ አመዛዝኖ፣ ከዚያ ይፈርዳል። እዚያ ላይ ብዙ ገንዘብ ይዞ መቀመጥ በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። ሮይስ ዕድሜ ልኩን ሙሉ ቁልል ይዞ እዚያው ተቀምጦ ኪሱ ባዶ ሆኖ ቤቱ ይገባ ነበር። ኦፓል ከኋላው ሆና ሹራብ እየሠራች ይሄንን ሁሉ አይታለች። ወንበሩ ሲደርሳት መልቀቁን አንጀቷ እምቢ አላት፤ ስለዚህ ገንዘቡን ቀነሰች። ሰዎቹ ፈሪ ናት አሉ። ይበሉ ብላ ተወቻቸው።

አንድ ሐሙስ ገና ከመግባቷ ሉፔ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፊቷ ቆመ። ጎማ ቤቱም የሱ፣ ካርታውን የሚያድለውም እሱ ነው።

«ሚስ ኦፓል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከዛሬ ጀምሮ መግቢያው ሺህ ዶላር ሆኗል። ከዚያ በታች አይቻልም። ድምፅ ተሰጥቶበት ነው።»

«ማን ነው የሰጠው?»

ሁለቱ የሆልሸር ወንድማማቾች ካርታቸውን የሚያዩ መሰሉ፤ ካርታ ግን ገና አልታደለም። የከብት ሐኪሙ ቴሬል ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሁላችንም።»

«አንተም፣ ዶክተር?»

«ዌንደል ሲጮህ እጄ ራሱ ብድግ አለ» አላት፣ አፍሮ።

ዌንደል ግን አላፈረም። «ገደብ የለሽ ነው የምንጫወተው፤ ወኔ ያለው ይግባ፣ የሌለው ቤቱ ሹራብ ይሥራ። ስንት ይዘሽ ትገቢያለሽ?»

ኦፓል ነገሩን እሁድ ዕለት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ከሉፔ ሚስት ሰምታዋለች። ሰምታም ዝም አላለችም፤ ማክሰኞ የሮይስን የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ሸጠች። ሦስት ሺህ ዶላሩ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ይሄ ከተበላ የሚሸጥ ሌላ ጀልባ የለም፣ ከዛሬ በኋላም ሐሙስ የሚባል ነገር የለም። ይህንን ታውቃለች።

የዌንደልን ቁልል አየች። «ያ ስንት ነው?»

«ሦስት ሺህ።»

«እንግዲያው እኔም ሦስት ሺህ ስጠኝ፣ ሉፔ።»

አንደኛው ሆልሸር የሚያኝከው ነገር ጉሮሮው ላይ ቀረ። ኦፓል ጠጠሯን በሁለት እጇ ታቅፋ ወደ ሮይስ ወንበር ሄደች፤ መደገፊያውን በመዳፏ ዳበስ አደረገችው፣ ከዚያም አልፋው ዞረች። ከዌንደል በስተግራ የሌላው ተጫዋች የኤሜት ወንበር ነበር። ኤሜት ዓይኑን ሊታከም ሄዶ ወንበሩ ባዶ ነው። እዚያ ተቀመጠች።

«ያንቺ ወዲህ ነው» አላት ዌንደል።

«እዚህ ይነፍሳል።»

«ምን አልሽ?»

«ይነፍሳል!» ብላ ጮኸችበት። በተደፈነው ጆሮው በኩል መሆኗ ትዝ ያለው ያኔ ነው።

ጨዋታው ተጀመረ፤ ኦፓልም ገና ከመጀመሪያው ዙር ደስ ደስ አላት። አሁን ዌንደል ሳይናገር እሷ አትናገርም። ሲጨምር ታያለች፣ ሲያመነታ ታያለች፤ ካልፈለገች ካርታዋን ጥላ ታማሌዋን ትበላለች። ቁልሏ ብዙም ሳይወጣ ሳይወርድ ቆየ። ዌንደል ግን አንገቱን ወደ ግራ እያዞረ፣ «ምን አለች? ስንት አለች?» ሲል ዋለ።

የተፈራው ነገር የመጣው ታማሌው ካለቀ በኋላ ነው። ዌንደል ጨመረ፤ ሌሎቹ ጣሉ፤ ኦፓል አሥርና ዘጠኝ ይዛ ተከተለችው። ሁሉም እንዲጋሯቸው መሀል ከተዘረጉት ካርታዎች መጀመሪያ የወጣው ንጉሥ ነበር። ዌንደል ደረቱን ነፍቶ ገንዘብ ጣለ፤ ተከተለችው። ቀጥሎም ጣለ፤ አሁንም ተከተለችው። የመጨረሻዋ ካርታ ስትገለጥ መሀል ላይ ሦስተኛዋ የልብ ምልክት ያለባት ካርታ ሆነች። እጁ ላይ ሁለት ልብ ያለው ሰው አምስት ልብ ሞላለት ማለት ነው፤ ንጉሥ የያዘውን ይበላል። ኦፓል እጇ ላይ አንድም ልብ አልነበራትም። ምንም አልነበራትም።

ዌንደል የወጣችውን ካርታ አየ፣ የራሱን አየ፣ ከዚያም ጠረጴዛውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገ። አልጨምርም ማለቱ ነው።

ሮይስ በዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ይቺን ኳኳታ ከመናገሩ በፊት ሰምቷት አያውቅም። ኦፓል ግን ሰማች። ዌንደል የልብ ካርታውን ፈርቷል። ክንዷን ከቁልሏ ጀርባ አድርጋ የሮይስን ጀልባ ሙልጭ አድርጋ መሀል ገፋችው።

«ሁሉንም።»

«ምን አለች?»

«ሁሉንም አለች!» አለ ሉፔ።

ዌንደል ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይቺ ሴት ጥሩ ካርታ ካልያዘች ገፍታ አታውቅም፤ እሱ ራሱ ሲያላግጥባት የኖረው በዚህ ነው። ኦፓል ዓይኗን አልሰበረችም።

«ይዘሻል» አላት በመጨረሻ፣ ንጉሡንና አሱን ገልብጦ እያሳየ። «ይዘሻል፣ አንቺ ጉደኛ!» ካርታውን ወረወረው፤ መሀል የነበረው ሁሉ የኦፓል ሆነ።

«አሳዪን፣ በሞቴ!» አለ ቴሬል።

«ማየት የፈለገ ከፍሎ ይይ» ብላ ካርታዎቿን እንደ ተደፉ ለሉፔ መለሰች።

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ጨዋታው ተበተነ። ሌሎቹ መኪናቸውን ሲያስነሱ ዌንደል ከወንበሩ አልተነሳም።

«ሮይስ ቦታ ልቀይር ብሎ አያውቅም» አለ። «ወንበሩ እንደሚበላው አታውቁም ነበር እንዴ?»

«እኔ አውቅ ነበር። ስንት ጊዜ ነገርኩት መሰለህ።»

«ምን አልሽ?»

ኦፓል ተነሳች። ዞራ ሄዳ በሮይስ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ወደ ቀኝ ጆሮው ጠጋ አለች። መጮህ አላስፈለጋትም።

«ቀይር ብዬው ነበር። ‹ዌንደል የሚሰማው በዚህ ጆሮው ብቻ ነው፤ እኔ ከተነሳሁ ማን ያጫውተዋል?› አለኝ።»

ዌንደል ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠርዙን ሲያዞር፣ ሲያዞር ቆየ። ዓይኑ ቀላ።

«ሉፔ!» አለ። «መግቢያውን ወደ ሁለት መቶ መልሰው።»

«ድምፅ ሳይሰጥ?»

«እኔ እጮሃለሁ፤ የሌሎቹ እጅ ራሱ ይነሳል።» ከዚያ ወደ ኦፓል ዞረ። «ከሐሙስ ጀምሮ እዚህ ተቀመጭ። የማወራው ሰው የለኝም።»

ኦፓል ገንዘቧን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዚፑን ዘጋች። «ልታወራኝ ስትፈልግ ሁለት መቶ ይዤ እዚህ እቀመጥልሃለሁ። ገንዘብህን ስፈልግ ደግሞ ሦስት ሺህ ይዤ በወዲያ፣ በግራህ በኩል ነኝ።»

«የፊታችን ሐሙስስ? የትኛው ነው?»

ኦፓል ተነሳች። ትከሻውን መታ መታ አድርጋ ወደ ግራው ዞረችና መልሱን በተደፈነው ጆሮው ነገረችው።