የጥሩሸዋ ወንበር

ዘመሮ ቀበሌ አዳራሽ ጥሩሸዋ የደረሰችው ከሁሉ ቀድማ ነው። እናቶች ፊደል የሚማሩበት ክፍል የማዳበሪያ መጋዘን ይሁን አይሁን የሚቆረጠው ዛሬ ነበር። ከተዘጋ፣ ልጇ መቅደላዊት ከደብረ ብርሃን የምትልከውን የስልክ መልእክት ጎረቤት ሲያነብላት ሊኖር ነው። ባለፈው የልጇን መታመም በጎረቤት አፍ ሰማች፤ ከዚያ ገበያው ሁሉ «ተሻላት?» ሲላት ከረመ።

ሴቶቹ በሩ አጠገብ አጎዛ አንጥፈው መቀመጥ ልማዳቸው ነው። ወንበሩ የወንዶች ነው፤ እጅ ሲቆጠርም የሚቆጠረው በወንበር ተርታ ነው፤ አጎዛ ላይ ያለች አትቆጠርም። ጥሩሸዋ ሄዳ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ምነው እቴ፣ ዳኛ ሆንሽ?» አለች ተከትላት የገባችው አስካለ ማርያም አጎዛዋን እያነጠፈች።

«መምህሩ ያሉትን ረሳሽው?»

ፊደል የሚያስተምሯቸው መምህር መርስዔ ኃዘን ድሮ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። በቀደም ሰሌዳው ላይ «ወንበር» ብለው ጽፈው ሰዓቱን ሙሉ ሲፈቱት ዋሉ። የግዕዙ መንበር ነው፤ ነበረ ከሚለው ይወጣል፣ ተቀመጠ፣ ኖረ ማለት ነው። ታቦት የሚያርፍበትም መንበር ነው። ትግርኛውም መንበር ይላል። ዐረቡ ሚንበር ሲል በመስጊድ ሰባኪው የሚወጣበትን ነው።

«ከነዚህ በአንዱ ሴት አትቀመጥበትም የሚል አለ?» ብላ ጠይቃ ነበር ጥሩሸዋ።

መምህሩም መለሱላት፦ «ቃሉስ አይልም። የሚለው ሰው ነው።»

አዳራሹ ሲሞላ የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ መኳንንት ገቡ። ቤቱ «ኖር» እያለ ተነሣ።

«በእግዜር፣ በእግዜር።»

ጥሩሸዋም ተነሥታ «ኖር» አለች፤ ታላቅ ናቸውና ይገባቸዋል። እሳቸው ሲቀመጡ ግን እዚያው ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

የቀበሌው ጸሐፊ ፈንታ ጠጋ አለ። «ተነሺ እንጂ፣ እኔ የት ልቀመጥ?»

«አጎዛው ይሞቃል፣ ሞክረው።»

ሴቶቹ ሳቁ። አቶ መኳንንት አልሳቁም።

«ጥሩሸዋ፣ ቦታሽ ጠፋሽ?»

«አልጠፋኝም ጋሼ። ማዳበሪያ ሌላ ቤት አያጣም። እኔ የልጄን ነገር ከእንግዲህ በሰው አፍ አልሰማም። ክፍሉን ብትዘጉት ይቺን ወንበር ይዤ ደጃፉ ላይ እማራለሁ።»

አስካለ ማርያም አጎዛዋን ጠቀለለች። መጥታ አጠገቧ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹም ተከተሏት፤ ወንበር ያልደረሳቸው በተርታው መካከል ቆሙ።

«ክፍሉ ለእናቶች ይቆይ የሚል እጁን ያውጣ» አሉ አቶ መኳንንት፤ ከፊት ተርታ ጀምረው ይቆጥሩ ጀመር። ጥሩሸዋ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። እሷ እጇን አላወረደችም፤ ዓይኗንም አልሰበረችም።

ቆጠሯት።

በማግስቱ ማዳበሪያው ወፍጮ ቤቱ ጎን ባለ ባዶ ቤት ተራገፈ።