የት አገር ሥራ ነው?

መነጽር ሠሪውን ቤተሰቡ በሙሉ «ማኅተሙ» ነበር የሚለው። ስሙ የወጣለት፣ ሰው ቤት በተጋበዘ ቁጥር ሳህኑን ገልብጦ የት አገር እንደተሠራ ሳያይ ስለማይበላ ነው። እህቱማ፣ ሲያገባ እንኳ የሙሽራዋን ማጅራት ሳያይ አልፈረመም እያለች ታሾፍበታለች።

ይህ ሁሉ የመጣው ከሰንጢ ፍቅር ነው። አሥራ አንድ ታጣፊ ሰንጢዎች አሉት፤ ዘጠኙ ጃፓን፣ ሁለቱ ጣሊያን የተሠሩ። ሁሉም ውስጡ ጨርቅ በለበሰ ሳጥን እንደ ሕፃን ተኝተዋል። ሰንጢ ሲያሳዩት አስቀድሞ የሚያነበው ስለቱ ሥር የተቀረጸውን የአገር ስም ነው፤ ስሙ ካላማረው መልሶ ይሰጣል እንጂ ከፍቶ አያይም። ከአሥራ አንዱ በአንዱም ብርቱካን ልጦ አያውቅም። እንግዲህ ሰንጢ ምን ሊሆን እንደሚገዛ እሱ ያውቃል።

እሑድ እሑድ አባቱ ቤት ምሳ ይበላሉ። አባቱ አርባ ዓመት ቶርኖ ላይ ቆመው ብረት የቀረጹ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ጓሮ ባለችው ክፍል ብረት መያዣ ሞርሳቸውንና ሞረዳቸውን ያልተዉ ሰው ናቸው። የእህቱ ባል ደግሞ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። እሱም ከሁለት ዓመት ወዲህ ሰንጢ መሰብሰብ ጀምሯል፤ ሽቦ ይላጥለት እንጂ የትም ይሠራ የት ግድ የለውም። መነጽር ሠሪው ይህን ንቆ ባለፈው ነበር። ያንገበገበው ሌላ ነው። አማችየው ምሳ እንደተበላ አባትየውን ተከትሎ ጓሮ ይገባል፤ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ይቆያሉ፤ ሳቃቸው ሳሎን ድረስ ይሰማል። ከገዛ ልጃቸው ጋር ሲሆኑ ግን የሚያወሩት ስለ ደም ግፊታቸውና ስለ ዝናቡ ብቻ ነው። እሱስ እንዳይገባ የከለከለው ማንም አልነበረም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል፤ የዚያችን ክፍል በር ከገፋ ዓመታት አልፈዋል። ብቻ ይቀና ነበር። በአርባ ስድስት ዓመቱ በአባቱ ይቀና ነበር፤ ያፍርበታል፣ ግን ይቀናል።

አንድ እሑድ ሳህኖቹ ሳይነሱ አማችየው ከኪሱ አንድ ሰንጢ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይሄ የት አገር ሥራ እንደሆነ ንገረኝ» አለው።

አባትየው መስኮቱ አጠገብ ጋዜጣ ዘርግተው ተቀምጠዋል።

መነጽር ሠሪው ሰንጢውን ከፈተ። ስለቱ በአንድ ጣት ግፊት ሳይንገራገጭ ወጣና ጠቅ ብሎ ተቆለፈ። ዘጋው፤ ስለቱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያዘነብል ልክ መካከል ገባ። አሥራ አንዱንም በልቡ ጠርቶ አሰለፋቸው፤ እንዲህ የሚዘጋ ከሁለት በላይ አላገኘም። ማኅተም ፈለገ፤ የለም። ከደረት ኪሱ የመነጽር ካቻቢቴውንና ማጉያውን አወጣና ብሎኖቹን ፈታ። ውስጡም ምንም አልተጻፈበትም። ነገር ግን ማንም የማያየው የውስጥ ጎኑ ሳይቀር እስኪያበራ ድረስ ተወልውሏል። ይህን ሲያይ ቅናቱ ባሰበት። እሱ ለአንድ ሰንጢ ሁለት ዓመት ወረፋ የጠበቀ ሰው ነው፤ ይህ ሽቦ ላጭ እንዲህ ያለውን ከየት አገኘው? መልሶ መላልሶ በማጉያው ፈተሸ፤ በመጨረሻ እጀታው ጠርዝ ላይ ከፀጉር የቀጠነች ጭረት አገኘ። ለእሱ በቂ ነበረች።

«አገር የለውም» አለ። «አስመስለው የሠሩት ነው። የሠራው ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ይኸው ሞረዱ ስቶበታል። እኔ ብሆን ኪሴ አልከተውም።»

እህቱ ሳህን እንደያዘች ቆማ ቀረች። አማችየው አንገቱን ደፋ።

«ጋሼ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሠሩት አባባ ናቸው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ። አባትየው ጋዜጣቸውን በአራት አጠፉ። ልክ ብሏል፣ እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል አሉና፣ ቁጣም ኩርፊያም ሳይታይባቸው በጓሮው በር ወጡ።

መነጽር ሠሪው መጀመሪያ የተሰማው እፍረት አልነበረም። ለምን ለእሱ፣ ለምን ለእኔ አይደለም የሚል ነበር፤ እንዲያውም ከአፉ አመለጠው። አማችየው የተበተኑትን ብሎኖች እየለቀመ ነገሩን አስረዳው። ይህ መለማመጃው ነው። የእሱ፣ የልጃቸው፣ ገና ሞርሳው ላይ ነው። ስምንት ወር የለፉት ለዚያኛው ነበር። ሆኖም አባትየው ሥራቸው ለልጃቸው የሚመጥን መሆን አለመሆኑን እርግጠኛ ስላልነበሩ፣ ከልጄ በላይ ሰንጢ የሚያውቅ የለም፣ ማን እንደሠራው ሳያውቅ ፍርዱን ከአፉ ልስማና ያን ጊዜ የእሱን እጨርሳለሁ ብለው ነው አማቻቸውን የላኩት።

መነጽር ሠሪው ተነሥቶ ወደ ጓሮ ሮጠ። አባቱ ሞርሳውን እያላሉ ነበር። ያላለቀው ሰንጢ የጥቁር ቀንድ እጀታ ነበረው፤ ስለቱ ከመጀመሪያው የቀጠነና የተዋበ ነው። አሥራ አንዱን ሁሉ ቢሰጥበት አይቆጨውም ነበር።

«አባባ፣ ዋሽቻለሁ» አለ። «ሰንጢው እንከን የለውም። ቀንቼ ነው። በእሱና በእርስዎ ቀንቼ ነው።»

ቀጠለም። ስለቱ እንዴት መካከል እንደሚገባ፣ ቁልፉ እንዴት ልቅነት እንደሌለው፣ የውስጡን ውልወላ፣ ጭረቷም ያለ ማጉያ እንደማትታይ፣ ጃፓን የተሠሩት የእሱ ሰንጢዎች እንኳ አብዛኞቹ እንደማይደርሱበት አንድ በአንድ ነገራቸው። አንዲት የውሸት ቃል አልጨመረበትም። በሕይወቱ ለአባቱ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም።

አባትየው የእጃቸውን ዘይት በጨርቅ እየጠረጉ፣ ሐኪም ትድናለህ ሲለው እንደሚሰማ በሽተኛ ራሳቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው አዳመጡት። ከዚያ ያላለቀውን ሰንጢ በዚያው ጨርቅ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ግድ የለም፣ ልጄ» አሉት። «ላጽናናው ብለህ እንደሆነ ይገባኛል። ድሮም ሆደ ቡቡ ነህ።»